ያልተነበበ ቀን

አጎቴ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዷ ለሠላሳ ዓመት ያህል የአየር ጠባይ ታዛቢ ሆነው ሠርተዋል። አሁን ጡረታ ወጥተው አምቦ ይኖራሉ፤ ክረምት ከሆነ የሁሉቃ ወንዝ ድምፅ ከቤታቸው ይሰማል። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከሆለታ እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች የተመዘገበውን ሙቀትና ዝናብ በአንድ ዳታቤዝ እየሰበሰብኩ ነው። ባለፈው እሑድ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። እሳቸውም የየወሩን ልኬት የገለበጡበትን፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ደብተር ከሳጥን አወጡ። ቡናው እስኪፈላ ብለን የጀመርነው ወሬ አመሸን።

ጋሼ፦ ትልቁንና ትንሹን ለማውጣት ይሄን ያህል ምን ያስቸግራል? እኛ በወሩ መጨረሻ በእርሳስ እናከብበው ነበር፤ ትልቁን በቀይ፣ ትንሹን በሰማያዊ።

እኔ፦ ማውጣቱስ አንድ ቃል ነው ጋሼ። ማክስ ብዬ ስጽፍ ትልቁን ይሰጠኛል፣ ሚን ስል ትንሹን። ያቃተኝ የሰጠኝን ማመን ነው። ትናንት ማታ የአንዱን ጣቢያ ዝቅተኛ ሙቀት ብጠይቀው ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? ከዜሮ በታች 99.9!

ጋሼ፦ እሱማ ሙቀት አይደለም፤ «አልተነበበም» ማለት ነው። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ቦታው ባዶ እንዳይቀር የሚሞላ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ብርድ የትም ስለሌለ ማንም አይሳሳትበትም ተብሎ ነው የተመረጠው።

እኔ፦ እውነትም የለም። በምድር ላይ የተለካው ከሁሉ የከፋ ብርድ በአንታርክቲካ ቮስቶክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመዘገበው ነው፤ እሱም ከዜሮ በታች 89.2 ነው። ሰው ቢያይ ወዲያው ይገባዋል። ሚን ግን የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ ከሁሉ የሚያንሰውን አምጣ ተባለ፣ አመጣ።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን አደረግሽ?

እኔ፦ አንድ ጓደኛዬ «ሁሉንም ወደ ዜሮ ቀይሪውና ተገላገይ» አለኝ። በመጀመሪያ በከፍተኛው ሙቀት ላይ ሞከርኩት፤ ምንም አልተበላሸም። ቀን ላይ ዜሮ የሚደርስ ሙቀት በእኛ አገር ስለሌለ ማክስ ዜሮውን ዞር ብሎም አያየውም። ደስ ብሎኝ በዝቅተኛው ላይም ደገምኩት።

ጋሼ፦ ተሳሳትሽ!

እኔ፦ ተሳሳትኩ። ትንሹ ሁሉ ዜሮ ሆኖ ቁጭ አለ። ከሁሉ ያስፈራኝ ደግሞ ሆለታ ነው። ሆለታ ከጥቅምት በኋላ ውርጭ ስለሚያውቃት ዜሮ ዲግሪ ሲታይ ማንም አይደነግጥም። የባኮ ዜሮ ያስጮሃል፤ የሆለታ ዜሮ እውነት መስሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ያንን 99.9 ማክበር ጀመርኩ። ውሸት ቢሆንም «ውሸት ነኝ» ብሎ የሚጮህ ውሸት ነው። ዜሮ ግን ዝም ብሎ ከእውነቱ መሀል ይቀላቀላል።

ጋሼ፦ እኔም ለአዲስ ታዛቢ ሁሉ የማስተምረው ይሄንኑ ነበር። ዝናብ ላይ ስትመጪ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን ትከፍቻለሽ። ደረቅ ከሆነ ዜሮ ትጽፊያለሽ፤ ያ ዜሮ «ሄጃለሁ፣ አይቻለሁ፣ አልዘነበም» የሚል ምስክርነት ነው። ከሥሩ ርሶ፣ ወደ መለኪያው ብርጭቆ ስትገለብጪው ግን የአንዲት ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ከሆነ፣ ትሬስ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ዘንቧል፣ አይለካም። ካልሄድሽ ደግሞ ባዶ ትተይዋለሽ። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስንት ወጣት ሦስቱንም ዜሮ እያለ ሲጽፍ አየሁ መሰለሽ።

እኔ፦ ዳታቤዙም ለባዶው የራሱ ስም አለው፤ ነል ይባላል። ቁጥርም፣ ዜሮም አይደለም፤ «አላውቅም» እንደማለት ነው። ያንን ሁሉ 99.9 ወደ ነል ቀየርኩት። ማክስና ሚን ነል ሲያጋጥማቸው ዘለው ያልፋሉ። እዚህ ላይ እፎይ አልኩ። አንድ ቀን ሳልቆይ ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሠንጠረዡን ይዩት፤ ወደ ታች እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቀን ነው፣ ወደ ጎን ዓምዶቹ ሆለታ፣ አምቦ፣ ባኮ እያሉ ይሄዳሉ። «አምቦ በዓመት ውስጥ ከሁሉ የሞቀችው ስንት ነው?» ካልኩ የምወርደው ወደ ታች ስለሆነ ማክስ ይበቃኛል። «በዚህ ቀን ከሦስቱ ከተሞች ትልቁ ሙቀት ስንት ነው?» ካልኩ ግን ወደ ጎን ነው የምሄደው። ለዚያ ግሬተስት የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ለትንሹ ደግሞ ሊስት።

ጋሼ፦ ወደ ጎኑማ ሳትጠይቂው የታወቀ ነው። ባኮ 1650 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ አምቦ 2100 ገደማ፣ ሆለታ 2400። ሺህ ሜትር በወጣሽ ቁጥር ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ከባኮ እስከ ሆለታ 750 ሜትር ከሆነ አምስት ዲግሪ የሚያህል ልዩነት አለ። በአብዛኛው ቀን ትልቁ የባኮ መሆን አለበት።

እኔ፦ ስህተቱንም ያገኘሁት በዚሁ ነው! ግሬተስት በተከታታይ ሁለት ሳምንት የአምቦን ቁጥር ትልቅ አድርጎ አመጣ። ብመረምረው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የባኮ ዓምድ ነል ነው። የምሠራበት ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ነሉን ዘሎ ከቀሩት ትልቁን ሰጠኝ። አምቦ ያሸነፈችው ተወዳዳሪዋ ስላልመጣ ነው።

ጋሼ፦ መዝለሉ ግን ልክ አይደለም እንዴ? ማክስም ይዘላል ብለሽኝ አልነበር?

እኔ፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ማይኤስኪውኤል በሚባል ሌላ ዳታቤዝ ላይ ብጽፈው ለእነዚያ ቀናት በሙሉ «ነል» ብሎ መለሰልኝ። ኦራክልም እንደዚያው ነው፤ ከተዘረዘሩት አንዱ እንኳ ካልታወቀ ትልቁም አይታወቅም ይላል። ማይክሮሶፍት እስከ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ድረስ ግሬተስትን ጭራሽ አልነበረውም፤ ሰው ኬዝ እያለ «ይሄ ከዚያ ከበለጠ» በሚል ረጅም ሰንሰለት ነበር የሚሠራው። በ2022 ሲያመጣው ደግሞ እንደ ፖስትግሬስ ነል የሚዘል አድርጎ አመጣው። ስልካችን ውስጥ ያለው ኤስኪውላይት ይባስ ብሎ ለሁለቱም ማክስ የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ አንድ ዓምድ ብቻ ሲሰጡት ወደ ታች ወርዶ ነሉን ይዘላል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሰጡት ወደ ጎን ሄዶ አንዱ ነል ከሆነ መልሱን ነል ያደርገዋል። አንድ ቃል፣ ሁለት ፍርድ።

ጋሼ፦ ማን ነው ትክክሉ ታዲያ?

እኔ፦ ብዙ ሳስብበት ሰነበትኩ። እንደሚመስለኝ የተለያዩት ጥያቄዎቹ ናቸው። «ከሦስቱ ማን ሞቀ?» ከሆነ ጥያቄው፣ የኦራክል መልስ ነው ሐቀኛው፤ ባኮ ሳይነበብ እንዴት ይታወቃል? «ከተነበቡት ማን ሞቀ?» ከሆነ ደግሞ የፖስትግሬሱ። እኔ ያጠፋሁት የመጀመሪያውን እየጠየቅሁ የሁለተኛውን መልስ መቀበሌ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ትልቅ ቁጥር ጎን «ከሦስቱ ስንቱ ተነበበ» የሚል ዓምድ አስገብቻለሁ። ሁለት ብቻ ከሆነ አንባቢው ይየው።

ጋሼ፦ ደግ አድርገሻል። (ከሳጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የተሰበረ ቴርሞሜትር ነበር።) ይሄን እዪው። ያንቺን ማክስና ሚን እኛ በብርጭቆ ነበር የምንይዘው። ይሄኛው የከፍተኛው ነው፤ ሜርኩሪው እዚህ አንገቱ ላይ ይጠብባል። ሙቀቱ ሲጨምር ገፍቶ ያልፋል፣ ሲበርድ ግን ክሩ እዚህ ይበጠስና መመለስ ያቅተዋል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስትሄጂ ቀትር ላይ የደረሰበትን ይዞ ይጠብቅሻል። የዝቅተኛው ደግሞ አልኮል ነው። ውስጡ የመርፌ ስባሪ የምታህል ጥቁር ነገር ተኝታለች። አልኮሉ ሲያፈገፍግ ጎትቷት ይወርዳል፤ ሲሞቅ ጥሏት ይሄዳል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ስትደርሺ ሌሊት በብርዱ የቆመችበት ቦታ ላይ ታገኛታለሽ።

እኔ፦ የሚነበበው የትኛው ጫፏ ነው?

ጋሼ፦ እሱን ነበር የጠበቅኩት! ከአምፖሉ የራቀው ጫፍ ነው። በሌላው ጫፍ ያነበበ የጥቁሯን ቁመት ያህል ይሳሳታል። ማንም አያውቅበትም፤ ቁጥሩ ቁጥር ይመስላላ።

እኔ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ዓለምን ሁሉ ዘጠና ዓመት አሳስቷል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1922 ሊቢያ ውስጥ አል ዐዚዚያ በሚባል ቦታ 58 ዲግሪ ተመዘገበ፤ የዓለም ትልቁ ሙቀት ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 አስመርምሮ ሰረዘው። አዲስ ታዛቢ፣ ባልለመደው ቴርሞሜትር፣ የጠቋሚዋን የተሳሳተ ጫፍ አንብቦ ሰባት ዲግሪ ያህል ሳይጨምር አልቀረም ነው የተባለው። ደረጃውን የተረከበው በአሜሪካ ዴዝ ቫሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የተለካው 56.7 ሆነ።

ጋሼ፦ አየሽ፣ መሀል ያለ ቁጥር ቢሳሳት አማካዩ ውስጥ ይሟሟል። ትልቁ ላይ ግን የሚቀመጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስህተት ካለ ተሽቀዳድሞ ዙፋኑ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

እኔ፦ ሌላም አለ። ደብተሮቹ ላይ ወሩ በስም ነው የተጻፈው። «የመጀመሪያው ወር የቱ ነው?» ብዬ በሚን ብጠይቀው ሐምሌ አለኝ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፊደል ተራ ነው፤ ከወሮቹ ሁሉ ሐ ትቀድማለች። አንዱ ጸሐፊ ኅዳርን በሀሌታው ሀ «ህዳር» ብሎ በጻፈበት ደብተር ደግሞ መልሱ ህዳር ሆነ። የሚገርመው፣ በማክስ ስጠይቀው ጳጉሜን አለኝ!

ጋሼ፦ ጳጉሜንማ ልክ ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ናት።

እኔ፦ ልክ የሆነው በአጋጣሚ ነው። ጰ በፊደል ተራ ከሌሎቹ ወሮች መነሻ ፊደል ሁሉ ኋላ ስለምትመጣ ብቻ። ጳጉሜንን አይቼ አምኜው ቢሆን ኖሮ መስከረምን ከሐምሌ በኋላ አስቀምጬ እሄድ ነበር። አሁን ወሩን በቁጥር ቀይሬዋለሁ፤ ቁጥሩንም በቁጥርነት እንጂ በጽሑፍነት አላስገባሁትም። በጽሑፍ ከሆነ 9 ከ10 ይበልጣል ይላል፤ የሚያነጻጽረው ከፊት ካለችው ምልክት ጀምሮ ነዋ። ከተሞቹንም እንደዚያው አስተካክያለሁ። የየከተማውን ትልቅ ለብቻ አውጣ ስለው አምቦን ሁለት ከተማ አድርጎ አመጣልኝ፤ አምቦ አንድ፣ ሀገረ ሕይወት አንድ።

ጋሼ፦ በንጉሡ ጊዜ ስሟ ያ ነበር። የቀድሞዎቹ ገጾች ላይ አለ፤ እኔ የገለበጥኩት እንዳለ ነው።

(ቡናው ሁለተኛው ደርሶ ነበር። ደብተሩን እያገላበጡ ወደ አንድ ሐምሌ ደረሱና ዝም አሉ። በአመልካች ጣታቸው አንዱን ቁጥር ሸፈኑት።)

ጋሼ፦ የጣቢያዬ የአንድ ቀን ትልቁ ዝናብ ስንት ነው ይላል ያንቺ ማክስ?

እኔ፦ እርስዎ ጣትዎን ያሳረፉበትን።

ጋሼ፦ ይሄ የአንድ ቀን ዝናብ አይደለም ልጄ። ቅዳሜ ማታ የእናቴ መርዶ መጣ። የሥራ ጓደኛዬ ፈቃድ ላይ ነበር፤ የጣቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ለማንም ሳልነግር ሌሊቱን ወደ ጌዶ ሄድኩ። እሑድ ቀበርናት። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጭቃዬን እንኳ ሳልጠርግ መለኪያው ጋ ደረስኩ። ውስጡ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሁለት ቀን ውሃ ነው። ለክቼ ሰኞ ላይ ጻፍኩት። እሑድ ላይ… ዜሮ ጻፍኩ።

እኔ፦ ባዶ አልተዉትም?

ጋሼ፦ ባዶ ብተወው አለመኖሬ ይታወቃል። ሐዘን ላይ እንደነበርኩ ብናገር ማን ይቀጣኝ ነበር? ማንም። ግን ፈራሁ። ለወጣቶቹ «ዜሮ ምስክርነት ነው» እያልኩ የምናገር ሰው፣ ዜሮዬ የሐሰት ምስክር ነበር። በኋላ ሳይ ያ ሰኞ የጣቢያው ትልቁ ዝናብ ሆኗል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መሐንዲስ የየዓመቱን ትልቁን የቀን ዝናብ ፈልጎ መጣ። የመንገድ ካልቨርት የሚሠራው በዚያ ቁጥር ነው፤ ምን ያህል ጎርፍ በአንድ ቀን ይመጣል ብለው የሚገምቱት ከዚያ ተነሥተው ነው። ጻፈና ሄደ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ከጠበበ ይልቅ ቢሰፋ ማንን ይጎዳል?» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

እኔ፦ ጋሼ…

ጋሼ፦ አታባብይኝ፤ አስተካክይው። ይስተካከላል አይደል?

እኔ፦ ይስተካከላል። እሑድን ነል አደርገዋለሁ። ዜሮው እዚያ ከቆየ በሐምሌ መሀል ያልነበረ ደረቅ ቀን ይፈጥራል። ሰኞንም ነል አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ውሃ የሰኞ ድርሻ ስንት እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ጋሼ፦ ውሃውስ? የዘነበ ውሃ እኮ ነው። ከወሩ ድምር ልታወጪው ነው?

እኔ፦ አላወጣውም። «ጥቅል» የሚል ሌላ ዓምድ እከፍትና እዚያ አስገባዋለሁ፤ ከእሑድ እስከ ሰኞ፣ የሁለት ቀን ብዬ። የወሩን ድምር ስሠራ ይደመራል፤ የቀን ትልቁን ስፈልግ አይወዳደርም። ከጎኑም ምክንያቱን እጽፋለሁ፤ «ታዛቢው አልነበሩም» ብዬ።

ጋሼ፦ «ሐዘን ላይ ነበሩ» በይበት።

(ጻፍኩት። መነጽራቸውን አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡትና ጣታቸውን ከደብተሩ አነሡ።)

ጋሼ፦ በይ አሁን ትልቁን ጠይቂው።

እኔ፦ ይህችን ደግሞ ተጠንቅቄ ነው የምጽፋት። ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ ቀኖቹን ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድርና የመጀመሪያዋን አንዷን አሳየኝ ማለት ነው። ኦርደር ባይ፣ ከዚያ ሊሚት 1። ፖስትግሬስ ግን ከብዙ ወደ ጥቂት ሲደረድር ነልን ከሁሉ ፊት ነው የሚያስቀምጠው፤ ነልን ከቁጥር ሁሉ ይበልጣል ብሎ ስለሚይዘው። በግሬተስት የዘለለውን እዚህ ያነግሠዋል።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነ አሁን ባዶ ያደረግናት ሰኞ…

እኔ፦ ከባዶዎቹ መሀል እሷው ልትሆን ትችላለች፣ ተመልሳ ትልቁ ሆና የምትመጣው። «ነሎች ወደ መጨረሻ» ብዬ ማዘዝ አለብኝ። አንዷን ብቻ ማለቱም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሁለት ቀን እኩል ቢዘንብ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ይደብቀዋል፣ የትኛውን እንደሚያወጣም አይነግረኝም። ስለዚህ በማክስ ትልቁን ቁጥር አገኝና «ከዚህ ጋር እኩል የሆኑትን ቀናት ሁሉ አምጣ» እለዋለሁ። እነሆ።

ጋሼ፦ ሁለት ናቸው?

እኔ፦ ሁለት ናቸው፤ እስከ ነጥቧ እኩል። አንዱ ነሐሴ ላይ፣ አንዱ ሚያዝያ ላይ።

ጋሼ፦ የነሐሴዋን አውቃታለሁ። በረዶ የተቀላቀለበት ነበር፤ የመለኪያውን አፍ በረዶው ደፍኖት እስኪቀልጥ ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ ጃኬቴን አልብሼው። ሚያዝያ… በሚያዝያ ይሄን ያህል? የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ቆይ፣ መብራቱን አብሪልኝማ። ገጹን ልፈልገው።